«ሌሎች» የሚለው ክላሰር ለምን አበጠ? ስለ ስነ ተዋልዶ የተጻፉ ጽሑፎችን ስለ መመደብ

ጥያቄው፦ «ጅማ ውስጥ በአንድ የወጣቶች ማዕከል ቤተ መጻሕፍት የምናገለግል በጎ ፈቃደኞች ነን። ስለ ሰው ልጅ ስነ ተዋልዶ በአማርኛ የተዘጋጁ ወደ 200 የሚጠጉ አጫጭር የማጣቀሻ ጽሑፎች አሉን። ኮምፒውተር ላይም አሉ፣ ታትመው ክላሰር ውስጥም ተቀምጠዋል። ‹የወንድ›፣ ‹የሴት›፣ ‹በሽታዎች› እና ‹ሌሎች› ብለን ከፈልናቸው። አሁን ግን ከግማሽ በላዩ ‹ሌሎች› ውስጥ ገብቷል። አንዱ ጓደኛችን በፊደል ተራ ይደርደሩ ይላል። ሌላዋ የባዮሎጂ መማሪያውን ምዕራፎች እንከተል ትላለች። አንዳንዶች ደግሞ ስለ እርግዝና መከላከያና ስለ ጽንስ ማቋረጥ የሚናገሩት ተለይተው ይቆለፉ እያሉ ነው። የትኛው ይሻላል?»

ሦስቱም አያዋጡም። አሁን ያላችሁ አከፋፈልም አያዋጣም። «ሌሎች» ያበጠው ጽሑፍ ስለበዛባችሁ አይደለም፤ በአንድ ጊዜ በሁለት መስፈርት ስለከፈላችሁ ነው። «የወንድ» እና «የሴት» የሚሉት የማን አካል ነው ብለው ይጠይቃሉ። «በሽታዎች» ደግሞ ደህና ነው ወይስ ታሟል ብሎ ይጠይቃል። መፀነስን ውሰዱ። የወንድም የሴትም ነው፣ በሽታም አይደለም፣ ስለዚህ የሚሄድበት ሲያጣ «ሌሎች» ውስጥ ይወድቃል። መንትያ፣ ጡት ማጥባት፣ ኮንዶም፣ የጋብቻ ዕድሜ፣ ሁሉም በዚያው መንገድ ነው የሚሄዱት። መራባት የሁለት ሰው ጉዳይ ሆኖ ሳለ ከመነሻው በጾታ ከቆረጣችሁት ዋናው ነገር ራሱ ቤት አልባ ይሆናል።

ሌላም ጉዳት አለው። እንዲህ ባለ አከፋፈል የወር አበባና ማረጥ ብዙ ጊዜ «በሽታዎች» ውስጥ ተቀምጠው ይገኛሉ፤ የእናንተንም እዩት። አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ስለ መጀመሪያ የወር አበባዋ ልታነብ መጥታ ጽሑፉን ከጨብጥና ከቂጥኝ ጎን ካገኘችው፣ ጽሑፉ ውስጥ «ይህ ጤናማ ነው» ተብሎ ቢጻፍም ክላሰሩ ተቃራኒውን ነግሯታል። ምድብ ዝም ብሎ መደርደሪያ አይደለም፣ ራሱ ይናገራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ይሁን፦ ጤናማ የሆነ የሰውነት ለውጥ ከበሽታ ጋር በአንድ ክላሰር አይገባም።

የፊደል ተራውን ነገር ቶሎ እንጨርሰው። ለመጨረሻ ገጽ ማውጫ ጥሩ ነው፣ ለመደርደሪያ ግን አይሆንም። አንዱ ጸሐፊ «ጽንስ» ሌላው «ፅንስ» ብሎ ከጻፈ ሁለቱ ጽሑፎች ተለያይተው ይቀመጣሉ፣ የሀ-ሐ-ኀ እና የሰ-ሠ ጣጣም እንዲሁ። ማውጫውን ስትሠሩ አንድ አጻጻፍ ምረጡና ሰዉ በአፉ የሚጠራውን ስም ሁሉ ወደዚያ ምሩት። ሉፕ ብሎ የሚፈልግም፣ በማህፀን የሚቀመጥ መከላከያ ብሎ የሚፈልግም አንድ ቦታ ይድረስ።

የመማሪያ መጽሐፉ ምዕራፎችስ? መማሪያ ተማሪን ከአንድ እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል ለመውሰድ ነው የተሠራው። የእናንተ አንባቢ ግን እንደዚያ አይመጣም። ሚስቱ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር የሆነችና እግሯ ያበጠ ሰው፣ ስለ ሆርሞን ምዕራፍ አልፎ ነው ወደ ጥያቄው የሚደርሰው? አካሉን የሚገልጸው ክፍል ላይ መጽሐፉ ይረዳችኋል፣ ከዚያ በኋላ ግን ብዙም አይወስዳችሁም።

ቤተ መጻሕፍት ስለሆናችሁ የዲዊን ቁጥር፣ ማለትም ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍትን በርዕስ የሚመድቡበትን ቁጥር፣ የሚጠቁማችሁም አይጠፋም። ዲዊ ለሁሉም ዓይነት መጽሐፍ የተሠራ ስለሆነ የእናንተን ርዕስ ይበትነዋል። የመራባት አሠራር 612.6 ላይ ነው፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ 613.9፣ የወንድ ብልት አካላት ሕመም 616.6፣ የአባላዘር በሽታዎች 616.95፣ የማህፀንና የጽንስ ሕክምና ደግሞ 618። ለትልቅ ቤተ መጻሕፍት ይህ ትክክል ነው፣ ለሁለት መቶ አጫጭር ጽሑፎች ግን አንባቢን በአምስት ቦታ ማንከራተት ነው። ቁጥሩን ጥግ ላይ ጻፉት፣ አንድ ቀን ከትልቅ ስብስብ ጋር ብትቀላቀሉ ይጠቅማችኋል፤ ግን አትደርድሩበት። ከሕክምና ቤተ መጻሕፍት አመዳደብ የምትወስዱት አንድ ትልቅ ነገር ግን አለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት አመዳደብ የማህፀን ሕመሞችን ከእርግዝናና ከወሊድ ለይቶ በሁለት የተለያዩ ክፍሎች ያስቀምጣል። አካሉ አንድ ነው፣ ያለበት ሁኔታ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። ይህን አቆራረጥ ያዙልኝ።

የምመክራችሁ በሂደትና በአንባቢው ሁኔታ የተከፈሉ አሥር ምድቦችን ነው። 1 አካሉና አሠራሩ፤ የወንዱም የሴቷም አካላት፣ ሆርሞኖች፣ የወንድ ዘርና የእንቁላል አመራረት በአንድ ላይ። 2 አካል በዕድሜ ሲለወጥ፤ ጉርምስና፣ የወር አበባ፣ ማረጥ። 3 መፀነስና የጽንስ ዕድገት። 4 እርግዝና፣ ከመጀመሪያ ምልክት እስከ ምጥ ዋዜማ። 5 ወሊድና ከወሊድ በኋላ ያለው ጊዜ፤ እዚህ ውስጥ የእናቲቱ 6 ሳምንታት፣ የጨቅላው የመጀመሪያ 28 ቀናትና ጡት ማጥባት ይገባሉ። 6 እርግዝናን መከላከልና ማራራቅ። 7 ልጅ አልወለድ ሲል። 8 የአባላዘር በሽታዎች። 9 ሌሎች የመራቢያ አካላት ሕመሞች፣ ካንሰርን ጨምሮ። 10 ሕግ፣ መብትና በአካል ላይ የሚደርስ ጥቃት። «ሌሎች» የሚባል ምድብ የለም። ከአሥሩ ወደ አንዱም የማይሄድ ጽሑፍ ከመጣ ወይ ርዕሱ ስነ ተዋልዶ አይደለም፣ ወይ ጽሑፉ ሁለት ጉዳይ ደባልቋልና ለሁለት ይከፈል።

7ኛውን ለብቻ ያወጣሁት ሆን ብዬ ነው። መካንነት በልማድ «የሴት» ውስጥ ይገባል፣ ይህ ደግሞ ስህተት ብቻ ሳይሆን ብዙ ሴቶች የሚፈቱበትና የሚሰደቡበት ስህተት ነው። መካንነት የሚባለው ጥንዶች ያለ መከላከያ 12 ወር ሞክረው ሳይፀነስ ሲቀር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ከ6 ሰዎች 1 ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው ያጋጥማቸዋል። ከወንዱ በኩል ያለ ምክንያት ደግሞ፣ ለብቻውም ይሁን ከሴቷ ጋር ተደርቦ፣ ግማሽ ያህል በሚሆኑት ጥንዶች ላይ ይገኛል። ስለዚህ የወንዱ የዘር ምርመራ እና የሴቷ የማህፀን ቱቦ መዘጋት በአንድ ክላሰር ጎን ለጎን ይቀመጡ። ክላሰሩን የከፈተ ባል የራሱንም ገጽ ያየዋል። «የወንድ» ምድባችሁ ሳስቶ ከሆነም የወንድ ጉዳይ ትንሽ ስለሆነ አይመስለኝም፤ የወንዱ ነገር የሴት በሚባሉት ርዕሶች ውስጥ ተደብቆ ነው።

አሁን ወደሚያጨቃጭቃችሁ ነገር እንምጣ። አንድ ጽሑፍ ሁለት ሦስት ቦታ የሚሄድ ሲመስል ምን ይደረግ? ሕጉ አጭር ነው። እያንዳንዱ ጽሑፍ አንድ ቤት ብቻ አለው፣ በሌሎቹ ምድቦች ውስጥ ደግሞ «ይህን ተመልከት» የሚል አንድ መስመር ይገባል። ቤቱን የሚወስነው ጽሑፉ ምን ምን ጠቅሷል የሚለው አይደለም፤ ይህን ጽሑፍ በጣም የሚፈልገው ሰው ያኔ ምን ላይ ነው የሚለው ነው። ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ኤችአይቪን ለመከላከል የሚደረገው ክትትል ቤቱ 4 ነው፣ ምክንያቱም የምትፈልገው ነፍሰ ጡሯ ናት፤ ከ8 እና ከ5 መጠቆሚያ ይኑረው። ኮንዶም ቤቱ 6፣ መጠቆሚያው 8። የወንድና የሴት ቋሚ መከላከያ ኦፕሬሽን ቢሆንም ቤቱ 6 ነው። መንትያ እንዴት ይፈጠራል የሚለው 3፣ መንትያ ያረገዘች ሴት ምን ክትትል ያስፈልጋታል የሚለው 4፤ እነዚህ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ካሉ ለያዩአቸው። ጡት በማጥባት እርግዝናን መከላከል ደግሞ ቤቱ 6 ነው እንጂ 5 አይደለም። የሚሠራውም ሕፃኑ ከ6 ወር በታች ሲሆን፣ ጡት ብቻ ሲጠባና የእናቲቱ የወር አበባ ገና ሳይመለስ ነው፤ ሦስቱም አንድ ላይ መሟላት አለባቸው። ይህን «ስለ ጡት ማጥባት» ከሚለው ክላሰር ብቻ ያገኘች እናት ሦስቱን ቅድመ ሁኔታ ሳታይ ልታልፍ ትችላለች።

ፌስቱላን፣ ማለትም በሴት ብልትና በሽንት ፊኛ ወይም በፊንጢጣ መካከል የሚፈጠረውን ቀዳዳ፣ ብዙዎች ከሽንት ሕመም ጋር ይመድቡታል። በእኛ አገር ዋናው መነሻው ግን ረጅም ጊዜ የቆየና የተደናቀፈ ምጥ ነው። የጽንሱ ጭንቅላት ለረጅም ሰዓት ሲጫን ደም ያጣው ሥጋ ይሞታል፣ በዚያ ቀዳዳ ይፈጠራል። ስለዚህ ቤቱ 5 ነው፣ ምክንያቱም መከላከያው ያለው እዚያው ወሊድ ላይ ነው። የማህፀን በር ካንሰር መነሻው በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ ቢሆንም ቤቱ 9 ይሁን። 8 ውስጥ ካስገባችሁት የታመመችው ሴት ላይ ሐሜት ትጨምሩባታላችሁ። ስለ ቫይረሱ እና በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ስለጀመረው ክትባት የሚያወራው ጽሑፍ ግን 8 ውስጥ ይቆይ። የሴት ልጅ ግርዛትን ስለ አካል በሚያወራው ክፍል ውስጥ አታስገቡት። ቤቱ 10 ነው፣ ከወሊድ ክፍል ደግሞ መጠቆሚያ ያስፈልገዋል፣ በተለይ በግርዛቱ ብልቷ የተሰፋ ሴት ምጥ ላይ ስለሚገጥማት ችግር።

ውርጃና ጽንስ ማቋረጥ ላይ ሦስት ጽሑፍ እንጂ አንድ አያስፈልግም። በራሱ የሚከሰተው ውርጃ ቤቱ 4 ነው፤ ልጇን ያጣች እናት ወንጀልና ሕግ ከሚል ርዕስ ሥር እንድትፈልግ ማድረግ ተገቢ አይደለም። የሕክምናው ጽሑፍም 4 ውስጥ ይገባል። ሕጉ 10 ውስጥ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ጽንስ ማቋረጥ የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፣ አንቀጽ 565 እና 566 ደግሞ ግርዛትን ይመለከታሉ፤ ይህ ሕግ በመላ አገሪቱ ይሠራል። የቤተሰብ ሕግ ግን ሌላ ነው። የፌዴራሉ የተሻሻለው የ1992 ሕግ አለ፣ ኦሮሚያም የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፣ ጅማ ላይ የሚሠራው የክልሉ ነው። እያንዳንዱ የሕግ ጽሑፍ ራሱ ላይ የትኛው ሕግ፣ የት የሚሠራ፣ መቼ የተረጋገጠ የሚል መስመር ከሌለው ክላሰር ውስጥ አይግባ።

ስለ 3 እና ስለ 4 አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ከውጭ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ስለ ጽንስ ዕድገት የሚጽፉ ሰዎች ዕድሜውን የሚቆጥሩት ከተፀነሰበት ቀን ነው። ጤና ጣቢያ ግን ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ይቆጥራል፣ 40 ሳምንት የሚባለውም በዚህ ነው። በመሃላቸው ሁለት ሳምንት ያህል ልዩነት አለ። በ3 ውስጥ «በ8ኛው ሳምንት» የተባለው በ4 ውስጥ 10ኛው ሳምንት ነው። ይህን ያልተነገራት ነፍሰ ጡር ሁለቱን ክላሰሮች አገላብጣ ልጄ ዕድገቱ ዘገየ ብላ ትደነግጣለች። በሁለቱም ክላሰሮች የመጀመሪያ ገጽ ላይ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በትልቁ ጻፉ።

መቆለፍ የሚለውን ሐሳብ ተዉት። ተቆልፎ የተቀመጠ ክላሰር ቁልፉን ከእናንተ መጠየቅ ይፈልጋል፣ ያፈረ ልጅ ደግሞ አይጠይቅም። ይልቅ ጽሑፎቹ ላይ «ለታዳጊ»፣ «ለአዋቂ»፣ «ለባለሙያ» የሚል ምልክት አድርጉ፣ አንባቢው የሚመጥነውን ይመርጣል። የወላጆች ስጋት ገብቶኛል፣ ቀላል ስጋትም አይደለም። መልሱ ግን ለታዳጊ የሚሆነውን ጽሑፍ በደንብ ማዘጋጀትና በቅድሚያ እንዲታይ ማድረግ ነው። የኮምፒውተሩን ስክሪን ከበሩ ፊት አዙሩት። ከዚህ መደርደሪያ ማን ምን አነበበ የሚል የስም መዝገብም አትያዙ። ሰፈሩ ትንሽ ነው፣ ወሬው ፈጣን ነው።

ከአሥሩ ክላሰሮች ፊት አንድ ነጠላ ወረቀት እንድትሰቅሉ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ጊዜ የማይሰጡ ነገሮች እዚያ ይጻፉ። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ እንክብል ያለ መከላከያ ከተደረገ ግንኙነት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢወሰድ ነው የሚመረጠው፤ እስከ 120 ሰዓት ሊሠራ ቢችልም በዘገየ ቁጥር አቅሙ ይቀንሳል። ከተደፈረች ወይም ከተደፈረ በኋላ ኤችአይቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ነፍሰ ጡር ደም ከፈሰሳት፣ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ከያዛት፣ ካንቀጠቀጣት፣ ትኩሳት ወይም ከባድ የሆድ ሕመም ካላት፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ወደ ጤና ተቋም እንጂ ወደ ክላሰር አትሂድ። ጥሩ ምድብ እንኳ ሰውን አምስት ደቂቃ ያስፈልገዋል፤ እነዚህ ጉዳዮች ላይ አምስቱን ደቂቃ አትውሰዱበት።

ቁጥሮቹ ላይ ደግሞ ጨክኑ። እያንዳንዱ ጽሑፍ እንደ 4-12 (ምድብ 4፣ ጽሑፍ 12) ያለ መለያ ይሰጠው፣ አንዴ ከተሰጠ ደግሞ አይቀየር። ጽሑፉ ቢሰረዝ ቁጥሩ ባዶ ይቀራል እንጂ ለሌላ አይሰጥም። ይህን የምለው ጅማ ስለሆናችሁ ነው። ዛሬ ያላችሁ የአማርኛ ነው፣ ነገ በአፋን ኦሮሞ ማዘጋጀታችሁ አይቀርም፣ ከዴዶም ከማናም የሚመጣው አንባቢ ብዙው የሚፈልገው እሱን ነው። መለያው ቁጥር ከሆነ ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ መደርደሪያ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ንዑስ ምድብም ቶሎ አትክፈቱ። አምስት ጽሑፍ ሳይሞላ ንዑስ ምድብ መክፈት አንባቢን ወደ ባዶ ክፍል ማስገባት ነው። 6 ምናልባት በአጭር ጊዜና በረጅም ጊዜ መከላከያ ይከፈል ይሆናል፣ 5 ደግሞ በእናትና በጨቅላ። ሌላው ለጊዜው ይቆይ።

ምድብ የማይሠራውንም ልንገራችሁ። የተሳሳተ ጽሑፍን አያቃናም። እንዲያውም በሥርዓት የተቀመጠ ስህተት ይበልጥ ይታመናል። ስለዚህ ከመደርደራችሁ በፊት ይዘቱን የሚያይ ሰው ያስፈልጋችኋል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ የሚታወቅ ነው፣ ከአዋላጅነትና ከሕክምና ክፍሎቹ መምህራንን ብትጠይቁ ተገቢው ቦታ ነው። በተለይ 4፣ 6 እና 8 ባለሙያ ሳያያቸው አይውጡ፣ የመድኃኒትና የመከላከያ መመሪያዎች ስለሚቀያየሩ። እያንዳንዱ ገጽ ላይ መጨረሻ የታየበትን ወርና ዓመት ጻፉ፣ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ለይታችሁ።

እንግዲህ ሥራውን እንዲህ ጀምሩት። ሁለት መቶውን ርዕስ በሁለት መቶ ቁራጭ ወረቀት ጻፉና ጠረጴዛ ላይ በአሥር ክምር ክፈሉ፣ ኮምፒውተሩን ገና አትንኩት። የሚያከራክራችሁን ለብቻ አስቀምጡና መጨረሻ ላይ «ይህን የሚፈልገው ሰው ምን ላይ ነው?» በሚለው ጥያቄ ወስኑ። ከዚያ በሥራው ያልነበሩ ሰዎችን ጥሩ፤ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር፣ አንድ ባለትዳር ወንድ፣ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። የምድቦቹን ስም ብቻ አሳዩአቸውና «የወር አበባዬ ሁለት ወር ቀረ»፣ «ከወለድኩ ሦስት ሳምንቴ ነው፣ ደሙ አልቆመም»፣ «ሁለት ዓመት ሆነን፣ አልፀነሰችም» የሚሉ ጥያቄዎችን ስጡና የትኛውን ክላሰር እንደሚያነሱ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። አታግዟቸው። አብዛኞቹ የተሳሳተ ክላሰር ካነሱ የሚቀየረው የክላሰሩ ስም ነው። «የወር አበባዬ ሁለት ወር ቀረ» ለሚለው ግማሾቹ 2ን፣ ግማሾቹ 4ን ማንሳታቸው አይቀርም፣ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ስለዚህ በሁለቱም ክላሰሮች የመጀመሪያ ገጽ ላይ ወደ ሌላው የሚመራ መጠቆሚያ ከአሁኑ አስገቡ።